ኢዋቹ የሚለው አረንጓዴ ካርድ

እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የሌሊቱ ቢሆን አይገርመኝም ነበር፣ ይሄ ግን የእሑድ ከሰዓት እንቅልፍ ነው፣ ሳይለምኑት የሚመጣው፣ ሳምንቱን ሙሉ በሁለት እግሬ ቆሜ ውዬ የምጠብቀው። ቦሎቄዬን በልቻለሁ፣ መጋረጃዬን ስቤያለሁ፣ እግሬን ትራስ ላይ ሰቅያለሁ፤ አከራዬ እንኳ ከቅዳሴ ተመልሳ ግድግዳውን አልፎ እስኪሰማኝ ታንኮራፋለች፣ ሬዲዮዋ ለራሱ ኳስ ያስተላልፋል፣ እኔ ግን ዓይኔን ጣሪያው ላይ ተክዬ ጋደም ብያለሁ። እንዲህ ያደረገችኝ አንዲት ቃል ናት። ባለፈው እሑድ ከአፌ አመለጠች፣ ከዚያ ወዲህ እናቴ ስልኬን አታነሳም። እናቴ እኮ ናት፣ ሌላ ሰው አይደለችም፣ በየእሑዱ ከቅዳሴ እንደወጣች «ካሪታስ፣ በልተሻል?» ብላ ካልጠየቀችኝ ምሳዋ የማይወርድላት ሴትዮ። ዛሬ ቅዳሴው አለቀ፣ ምሳው አለቀ፣ ስልኩ ደረቴ ላይ ተቀምጦ አንድ ጊዜ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።

ቃሏ ኢዋቹ ናት። በቡሩንዲ እናቴ በምትናገረውም፣ እዚህ ኪጋሊ በሚነገረውም ያው አንድ ናት፣ ሁለቱ ቋንቋዎች የአንድ ቤት ልጆች ስለሆኑ፤ እርግጥ እነሱ «የጎ» ሲሉ እኔ «ኤጎ» እላለሁ፣ አዎ ማለቴ ነው፣ የሱቃችን ገንዘብ ተቀባይ ሙቶኒ በዚህ ምክንያት ስሜን «እሜቴ ኤጎ» ብላ ቀይራዋለች። ኢዋቹ ማለት እኛ ቤት ነው፣ እኛ ሰፈር፣ እኛ አገር፣ እትብቴ የተቀበረበት፣ ሰው ከየት ነሽ ሲል የሚመለስለት። ማታ ገብቶ ጫማ የሚያወልቁበት ሌላ ቃል አለው፣ እሱ ሙሂራ ነው፤ ሙሂራ አልጋና ጣሪያ ነው፣ የትም ይሆናል፣ ኪራዩን ከከፈልሽ ማንም ምንም አይልሽም። ይቺ ክፍል ሙሂራ ናት። ኢዋቹ ሩሞንጌ ነው፣ ታንጋኒካ ሐይቅ ዳር፣ እናቴ ያለችበት። ይሄንን የማያውቅ ልጅ የለም። እኔም አውቃለሁ፣ አውቅ ነበር፣ እና ምን ሆኜ ነው በአንድ ወር ውስጥ በዚህች አንዲት ቃል ሁለት ጊዜ የተሳሳትኩት፣ ያውም አንዱን ስህተት ወደዚህ፣ ሌላውን ወደዚያ?

የመጀመሪያው የሱቅ ነው፣ እሱስ ይሁን፣ ተስቆበት አልፏል። የሱፐርማርኬታችን ኃላፊ ማማ ኬዛ አንድ ጠዋት ካርቶን ተሸክማ ትመጣለች። ኬዛ የልጇ ስም ነው፣ ስሟን ፍሎራንስ ብሎ የሚጠራት ባሏ ብቻ ነው፣ እሱም ሲኮራረፉ። ካርቶኑን ትከፍተዋለች፣ አረንጓዴ ካርዶች፣ መደርደሪያው ጠርዝ ላይ የሚሰኩ፣ በነጭ «ኢዋቹ» የሚል ተጽፎባቸዋል። «ስሙኝ ልጆች» ትላለች፣ «ደንበኛው መደርደሪያ ፊት ቆሞ ይደናበራል። የኛን ማር አልፎ የባሕር ማዶ ማር ያነሳል። ጠልቶት መሰላችሁ? ስላላየው ነው። ከዛሬ ጀምሮ እዚህ የበቀለ፣ እዚህ የታለበ፣ እዚህ የተሠራ ሁሉ ይቺን ካርድ ከሥሩ ያደርጋል። አናስገድድም፣ እናሳያለን፣ ከዚያ የፈለገውን ይምረጥ።» ሁላችንም አጨበጨብን፣ ነገሩ ቀላል መስሎን። የት ቀላል ሆኖ! ብስኩቱ ላይ ስንደርስ ጉድ ፈላ። ስንዴው ከውጭ ነው፣ ስኳሩ የኛ ነው፣ ምድጃው የኛ ነው፣ የጋገረው ሰውዬ የሙቶኒ አጎት ነው። «አጎቴ የተወለደው እዚሁ አገር፣ ሙሳንዜ ነው፣ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልጋላችሁ?» ትላለች ሙቶኒ። ቲማቲሙ የኛ፣ ቆርቆሮው የሩቅ። ጥርስ መጎርጎሪያው ደግሞ፣ አይ የኛ ነገር፣ ተራራው ሁሉ ቀርከሃ ሆኖ ሳለ ጥርስ መጎርጎሪያው በመርከብ ባሕር ተሻግሮ ነው የሚመጣው፤ ማማ ኬዛ ይሄንን ስታይ ጥርስ መጎርጎሪያውን ከነሣጥኑ ወርውራ «ሥጋ ጥርሳችን ውስጥ ይቅር!» አለች።

እኔ ሥራውን ወደድኩት፣ ምን ልዋሽ። መደርደሪያ መደርደር እወዳለሁ፣ ሰው ይንቀዋል እንጂ እኔ ወድጄው ነው የምሠራው፣ ዕቃ ፊቱን ወደ ሰው አዙሮ ሲቆም ደስ ይለኛል። ሻይ ቅጠሉ፣ ኢዋቹ። ማሩ፣ ኢዋቹ። እርጎው፣ የማሽላ ዱቄቱ፣ በጠብታ የምትፈሰው የበርበሬ ዘይት፣ ኢዋቹ፣ ኢዋቹ፣ ኢዋቹ፣ እያልኩ እሰካለሁ፣ ከአፌ ጋር እጄም እያለ፣ እስከ መጨረሻው መደርደሪያ፣ እስከ ደረቅ አሣው። ደረቅ አሣው ጣት የማታክል ብርማ ናት፣ ንዳጋላ እንላታለን፣ ነጋዴ በላስቲክ አሽጎ ያመጣታል፣ ላስቲኩ ላይ ከክብደት በቀር ምንም አልተጻፈም። መጻፍም አያስፈልጋት። እኔ ያደግኩት እሷ አሸዋ ላይ ስትደርቅ ነው፣ ድመት ስከላከል፣ ዝናብ ሲያስገመግም ከእናቴ ጋር እየሮጥን ስንሰበስባት፤ ሩሞንጌ ላይ ልብስሽን ስንት ጊዜ ብታጥቢው ያንን ሽታ አይለቅም። ላስቲኩን አነሳሁት። አሸተትኩት። ካርዷን ሰካሁ። ኢዋቹ። እና ወደ ጨው መደርደሪያ አለፍኩ። እግዜር ያሳያችሁ፣ አንዲት ደቂቃ አልጠረጠርኩም። ሰው እናቱን ሲያይ እናቴ ለማለት ያስባል እንዴ?

ከዚያ ወዲያ ንዳጋላ ገበያዋ ደራ። ቀድሞ ጥግ ላይ ተደብቃ አቧራ የምትጠጣ አሣ ቅዳሜ ሳይመሽ ታልቃለች። ሰው አረንጓዴ ካርድ ሲያይ እጁ ይዘረጋል፤ አንዲት ሴት «የኛን ብቻ ነው የምገዛው» ብላ ቅርጫቷን በካርዱ ብቻ ሞላችና ቤቷ ስትደርስ ሳሙና አለመግዛቷ ትዝ ብሏት ተመለሰች። እኔ ንዳጋላ ባለቀች ቁጥር ደረቴ ይነፋል፣ ለምን እንደሆነ ራሴን አልጠየቅኩም። አንድ ቀን ሙዜ ንኩሲ መጡ። ሙዜ አንቱታችን ነው፣ ለሽማግሌ፤ እሳቸው ኪቩ ሐይቅ ላይ ጀልባ ሲነዱ ያረጁ፣ አሁን ልጃቸው ጋ ተጠግተው ሱቃችንን እንደ ክለብ የያዙት ሰው ናቸው፤ ግማሽ ኪሎ ሊገዙ መጥተው ግማሽ ቀን ያወራሉ። ደረቅ አሣው ጋ ሲደርሱ ከዘራቸው ቆመ።

«አንቺ ልጅ።»

«አቤት ሙዜ።»

«ነይ እስቲ ወዲህ። ይሄ ምንድን ነው?»

«ንዳጋላ ነው ሙዜ።»

«ንዳጋላ መሆኑንማ አፍንጫዬ ነገረኝ። ከሥሩ ያለው ካርድ ምን ይላል ነው የምልሽ።»

«ኢዋቹ ይላል።»

«የማን ኢዋቹ?» አሉና ወደ ሰልፉ ዞሩ፣ ተመልካች ሲያገኙ ድምፃቸው ይጨምራል። «ታንጋኒካ ሐይቅ ወደኛ የተዛወረው መቼ ነው ጎበዝ? እኔ ሬዲዮ አዳምጣለሁ፣ አልሰማሁም። ይሄ ኢዋቹ ከሆነ እኔ የቡጁምቡራ ጳጳስ ነኝ፣ ተሰለፉና ቀለበቴን ሳሙ!»

ሰልፉ ሳቀ። ሙቶኒ ሳቋ አልቆም ብሏት ሒሳቡን ሁለት ጊዜ መታችው። እኔ ካርዷን አያታለሁ፣ አሣዋን አያታለሁ፣ እና ያኔ ነው የገባኝ፣ ያኔ፣ ቆሜ፣ ጆሮዬ ሲግል። ማማ ኬዛ ከጓዳ ወጣች። ጉዳዩን ሰማች። አልጮኸችም፣ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር፣ ብቻ እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋ «ካሪታስ፣ ኢዋቹ የት ነው?» አለችኝ። «እዚህ» አልኩ። «እዚህ የት?» «እዚህ... ሱቁ...» «ኤጎ ወይስ የጎ?» አለች ሙቶኒ ከዚያ ማዶ፣ ሰዉ እንደገና በሳቅ ፈረሰ፣ እኔም ሳቅኩ፣ ምን አማራጭ ነበረኝ። ኋላ ጓዳ ወስዳ ግን ማማ ኬዛ ፊቷን አከበደችው። «ሰው አምኖን ነው ካርዷን የሚከተላት» አለች። «አንድ ቦታ ላይ ከዋሸን ማሩም ውሸት ነው፣ ወተቱም ውሸት ነው። ሄደሽ ንቀያት።» ሄጄ ነቀልኳት። ካርዷ ስትነቀል ትንሽ ቀጭ አለች። ሆዴ ባባ፣ በገዛ ሥራዬ፣ በአንዲት ካርድ።

ሙዜ ንኩሲ ይሄን አይተው አዘኑ መሰለኝ። ሰልፉ ሲበተን ቀረብ ብለው፣ ኢሳምባዛውን አነሱ፣ የኪቩን አሣ፣ አረንጓዴ ካርድ ያላትን፣ እሷም ያው ጣት የማታክል ናት። «ይቺን ታያታለሽ?» አሉኝ። «እኔ ሕፃን እያለሁ ኪቩ ውስጥ እንዲህ ያለች አሣ አልነበረችም። ቤልጂጎች ናቸው ከታንጋኒካ በበርሜል አምጥተው የጨመሯት። መጀመሪያ ማንም አልበላትም፣ አባቴ የነጭ ጉንዳን ይላት ነበር። አሁን ይኸው፣ ካርድ አላት፣ ጡረታ ብቻ ነው የቀራት።» ሙቶኒ ጆሮዋ አያርፍ፣ «በቃ ካሪታስ፣ አንቺም ኢሳምባዛ ነሽ!» አለች። «እኔ ተጠብሼ አልበላም» አልኳት። አሣ አሣ ነው። አሣ እናት የለውም፣ እሑድ እሑድ አይደወልለትም፣ ውኃው ከተስማማው ጨርሷል፤ እኔን ከአሣ ጋር አታገናኙኝ። በሳምንቱ ማማ ኬዛ ሁለተኛ ካርቶን አመጣች፣ ቢጫ፣ «የጎረቤት» የሚል፣ ለቡሩንዲ፣ ለኡጋንዳ፣ ለኮንጎ፣ ለታንዛኒያ ዕቃ። ሙቶኒ ካርዱን አፍንጫዬ ሥር ከፍ አድርጋ እንደ ዳኛ ፊሽካ ነፋችብኝ፣ «ቢጫ! አንድ ከደገምሽ ከሜዳ ትወጫለሽ!» ንዳጋላ መጀመሪያ ቀዝቀዝ አለች፣ ቀጥሎ ሰው ቢጫዋንም ለመዳት፣ ጎረቤት ነው ብሎ ይገዛታል። ጎረቤት መባል ክፉ አይደለም። ተረጋጋሁ። በሰላም ተኛሁ። ጉዳዩ ያለቀ መስሎኝ።

ደገምኩ። ባለፈው እሑድ ደገምኩ፣ ግን ወደ ሌላኛው ጎል። ከቅዳሴ ወጥቼ ዳገቱን እየወጣሁ ነው፣ ሰፈሬ ኪሚሮንኮ በእሑድ ጠዋት፣ መንገዱ ታጥቦ፣ ሞተረኞቹ የራስ ቁራቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ፀሐይ ሲሞቁ፣ «እሜቴ፣ እንሂድ?» ሲሉኝ «እግሬ አለኝ» ስላቸው፣ የአከራዬን ጎረቤት ሳገኝ፣ ልጇ እንዴት እንዳደረ ስጠይቅ፣ ልጁ ጥርስ አወጣ። እናቴ ደወለች። በልተሻል፣ በላሁ፣ ጉልበትሽስ፣ ደህና ነው፣ ዝናብ አለ፣ የለም። «ድምፅሽ ያለከልካል፣ የት ነሽ?» አለችኝ። እኔም፣ አፈር ይብላኝ፣ እንደ ቀልድ፣ ከረጢቴን ከአንዱ ትከሻ ወደ አንዱ እያዛወርኩ፣ «ዳገት ላይ ነኝ እማዬ፣ ወደ ኢዋቹ እየገባሁ ነው» አልኳት።

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «እማዬ?» አልኩ። «ወዴት?» አለች። ያኔ ሰማሁት፣ ከአፌ የወጣውን፣ ሙሂራ ማለት ነበረብኝ፣ ወደ ክፍሌ፣ ወደ ኪራዬ፣ ወደ ምንም በሉት፣ ሺህ ቃል ሞልቶ። «ወደ... ቤት» አልኩ። «እህ» አለች እናቴ። «በይ ደህና ግቢ።» ዘጋችው። ሰኞ ደወልኩ፣ አልተነሳም። ማክሰኞ ጠዋትም ማታም። ረቡዕ ወንድሜ ዲስማስ ጋ ደወልኩ፣ እናቴ ከሱ ጋር ነው የምትኖረው፣ «እማዬን ስጠኝ» ስለው «ወጥታለች» አለኝ። «የት?» «ወጣ ብላለች አልኩሽ።» ሐሙስ «ተኝታለች»። አርብ «አትጨቅጭቂን እንግዲህ ካሪታስ፣ ሴትዮዋ ደህና ናት፣ ሥራ አለብን» ብሎ ዘጋብኝ፤ ምን ሥራ እንዳለበት እንጃ፣ ዲስማስ ከጀልባ ሞተር በቀር ምንም ነገር ቸኩሎ ሠርቶ አያውቅም። አውቄዋለሁ፣ ተማክረውብኛል። እናቴ ስትቆጣ ትናገራለች፣ ቤቱ ይሰማል፣ ጎረቤት ይሰማል፣ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ትረሳዋለች። ዝም ካለች ግን ቁጣ አይደለም፣ ልቧ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ነው እንዲህ ዝም ስትል የማውቃት፣ አባቴ የሞተ ጊዜ።

እሱንም እኔ አልቀበርኩትም። መንገዱ ተዘግቶ ነበር፣ ያኔ ሰው ከኪጋሊ ወደ ቡጁምቡራ ማለፍ አይችልም ነበር፣ ስልኩን ዲስማስ መቃብሩ አጠገብ ያዘልኝና እኔ እዚህ አልጋ ላይ ተቀምጬ አፈር ሲጣል ሰማሁ። በኋላ መንገዱ ተከፈተ። አልሄድኩም። ዘንድሮ እሄዳለሁ፣ ለገና እሄዳለሁ፣ ማማ ኬዛ ፈቃድ ስትሰጠኝ እሄዳለሁ፤ ማማ ኬዛ ፈቃድ ከልክላኝ አታውቅም፣ ጠይቄያት ስለማላውቅ። እዚህ የመጣሁት አክስቴ ሱቅ ስትከፍት ላግዛት ነበር፣ አክስቴ ሱቋን ዘግታ ወደ ልጆቿ ሄደች፣ እኔ ቀረሁ፣ ለጊዜው ብዬ። እናቴ አንድም ቀን ለምን ቀረሽ ብላኝ አታውቅም። የምትጠይቀው በልተሻል ወይ ብቻ ነው። ብትወቅሰኝ ኖሮ እኔም እመልስላት ነበር፣ ተጯጩኸን ይወጣልን ነበር፣ አሁን ግን በአንዲት ቃል የጠየቀችኝን ሁሉ፣ ያልጠየቀችኝንም ሁሉ መለስኩላት፤ ያውም ዳገት ላይ፣ እያለከለክሁ።

ይኸው ሞተረኛው በውጭ ያልፋል፣ አከራዬ ጎን ለወጠች፣ ኳሱ ጎል ሆነ መሰለኝ ሬዲዮው ይንጫጫል። የሚያስቀኝ፣ የሚያስለቅሰኝም፣ አለመዋሸቴ ነው። ክፉ ቃል ብናገር ኖሮ አላሰብኩበትም እላለሁ፣ ተናድጄ ነው እላለሁ። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። ያ ዳገት ደስ ብሎኝ ነበር፣ የልጁ ጥርስ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ኪሴ ውስጥ ያለችው ቁልፍ ደስ ብላኝ ነበር። ይቺን ክፍል እወዳታለሁ። መስኮቷ ጠባብ ነው፣ ከሱ ግን ጠዋት ጠዋት ጉም ከሸለቆው ሲነሳ ይታያል፣ ኮረብታው አንድ በአንድ ይገለጣል፤ ወንበሯ አንድ ናት፣ እኔም አንድ ነኝ፣ ተስማምተናል። ሰው ብቻዋን ትኖራለች ብሎ ያዝንልኛል፣ አከራዬ ለወንድሟ ልትድረኝ ሁለት ጊዜ ሞክራለች፣ እኔ ማታ ገብቼ ጫማዬን አውልቄ ሻይ አፍልቼ ማንም ሳያናግረኝ ስጠጣ እንዴት እንደሚጥመኝ ለማን ይነገራል? ለእናት ይነገራል? እናቴ እኔ እዚህ የተቸገርኩ፣ የከፋኝ፣ ቀን የምቆጥር ይመስላታል፣ ሳስበው በዚያ ነው የምትጽናናው፤ ልጄ ጨነቃት እንጂ አልረሳችኝም። ደስተኛ ነኝ ማለት ለሷ ሌላ ትርጉም አለው። ይኸው አልኩት። ደስተኛ ነኝ፣ ጥፋቴ ይሄ ነው።

በቃ፣ ስልኩ ሲነሳ እንዲህ እላታለሁ። እማዬ፣ ይቅርታ፣ ሥራ ቦታ ቀኑን ሙሉ ኢዋቹ የሚል ካርድ ስሰካ ስለምውል ምላሴ ለምዶት ነው። ጥሩ ነው፣ ያሳምናል፣ ትስቅም ይሆናል። ሙሂራ ልል ነበር እላታለሁ። አንቺ ባለሽበት ነው ኢዋቹዬ፣ ሌላ የለኝም እላታለሁ፣ ለገና እመጣለሁ፣ ለገና እንኳ አይደለም፣ በሚመጣው ወር፣ ማማ ኬዛን ነገ ጠዋት እጠይቃለሁ። እናም ሁሉንም ብላት ግማሹ ውሸት ነው፣ እናቴ ደግሞ ውሸቴን ከሕፃንነቴ ጀምራ በትንፋሼ ታውቀዋለች። እና እውነቱን ብላትስ? እማዬ፣ ሁለት ናቸው ብላትስ? ሰው ሁለት ይኖረዋል ወይ? ማማ ኬዛ ካርቶን ውስጥ ለዚህ የሚሆን ካርድ የለም። ጎኔን ቀየርኩ። ትራሱን ገለበጥኩት። ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ጨፍኜ ሩሞንጌን ላይ ብል የመጣልኝ የማሽላ ዱቄት መደርደሪያው ነው።

ስልኩ ደረቴ ላይ ሲንቀጠቀጥ ልቤ ነው ብዬ ነበር። የማላውቀው ቁጥር ነው፣ የዚሁ የኪጋሊ። እሑድ ቀን በማያውቁት ቁጥር የሚደውል ዕቃ ሻጭ ነው፣ አላነሳውም ብዬ አነሳሁት።

«ሄሎ፣ ካሪታስ የምትባይው አንቺ ነሽ?» የወንድ ድምፅ ነው፣ ከኋላው የአውቶቡስ ጥሩምባ፣ የረዳት ጩኸት።

«ነኝ፣ ማን ልበል?»

«እኔ ሞተረኛ ነኝ፣ ኒያቡጎጎ መናኸሪያ። እዚህ አንዲት እናት አሉ፣ ስልካቸው እዚህ አልሠራ ብሏቸዋል። ውሰደኝ ይሉኛል፣ የት ስላቸው አድራሻ የላቸውም፣ ሞተር ላይ ውጡ ስላቸው ደግሞ አልወጣም፣ እየነዳህ እከተልሃለሁ ይላሉ። እባክሽ አናግሪያቸው፣ ሥራ አስፈቱኝ።»

ተነስቼ ቆምኩ። መቼ እንደቆምኩ አላውቅም። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲሻገር ይንኮሻኮሻል፣ ከዚያ የማውቀው ትንፋሽ መጣ።

«ካሪታስ።»

«እማዬ! እማዬ፣ አንቺ ነሽ? ምን... የት ነው ያለሽው?»

«ሰውዬው ነገረሽ አይደል፣ መናኸሪያ ነኝ። ከተማችሁ ዳገት ብቻ ነው እንዴ? አንጀቴ አውቶቡሱ ውስጥ ቀረ። ቅዳሴም ባንቺ ምክንያት ቀረብኝ።»

«ሳምንቱን ሙሉ ስደውል! ዲስማስ ወጥታለች ይለኛል፣ ተኝታለች ይለኛል...»

«የይለፍ ወረቀት ስንጨርስ ነበራ። ከነገርኩሽ አትምጪ፣ እኔ ነኝ የምመጣው ትይኛለሽ፣ አውቅሻለሁ። ለገና ትይኛለሽ።» ድምፅዋን ቀነስ አደረገች፣ ሞተረኛው እንዳይሰማ። «አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ እንዳትዋሺኝ። ሰው አለ?»

«የምን ሰው?»

«ባል ነዋ! ኢዋቹ እየገባሁ ነው አላልሽኝም? ሴት ልጅ ጎጆ ሳትይዝ እንዲህ አትልም። ሳምንቱን ሙሉ ማን ይሆን ስል ነው የከረምኩት። ከነልጁም ቢሆን አልቆጣም፣ ብቻ ንገሪኝ፣ ድንገት ገብቼ እንዳልደነግጥ።»

ሳቅም ለቅሶም አንድ ላይ መጡብኝ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። «የለም እማዬ። ማንም የለም።»

«ማንም?»

«ብቻዬን ነኝ። አንድ ክፍል ናት። አንድ ወንበር ነው ያለኝ።»

«ብቻሽን ሆነሽ ነው ኢዋቹ ያልሽው?»

ያሰናዳሁት ሁሉ፣ ካርዱ፣ ምላሴ፣ ሙሂራው፣ አንዱም አልመጣልኝ አለ። «አመለጠኝ እማዬ» አልኳት። «ይቅርታ አድርጊልኝ። እንዲህ ልል አልነበረም፣ አፌ ነው፣ አመለጠኝ።»

ከኋላዋ ረዳቱ «ሁዬ! ሁዬ!» እያለ ለሁዬ ከተማ ተሳፋሪ ይጠራል፣ ሞተረኛው የሆነ ነገር አጉረመረመ፣ «ቆይ አንተ፣ ከልጄ ጋር እያወራሁ ነው» አለችው። ከዚያ ወደኔ ተመለሰች።

«ካመለጠሽማ አመለጠሽ» አለች። «አሁን መልሰሽ አትዋጪው። ይልቅ ለዚህ ሰውዬ ንገሪው፣ ኢዋቹ በየት በኩል ነው?»